ስለ ኪያር፤ ከገበያ እስከ ገበታ

ጽሑፋችንን ከመሥሪያ ቤታችን ባልደረቦች በአንደኛው ቤት የደረሰውን ነገር በማስታወስ እንጀምራለን። ዕለቱ እሑድ ነበር። የቤቱ ጌታ እንግዶች ስለ ጠራ ሥጋ ተገዝቶ መጣ፤ በእንጨት መክተፊያ ላይም ተመትሮ ወደ ድስት ገባ። ከዚያ በኋላ መክተፊያው በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገና በዚያው መክተፊያ ላይ፣ በዚያው ቢላዋ፣ ኪያርና ቲማቲም ተከተፈ። ገበታው ያማረ ነበር፤ እንግዶቹም አመስግነው ሄዱ። በማግስቱ ማታ ግን ከቤቱ ልጆች ሁለቱ፣ ከእንግዶቹም አንዱ በትኩሳትና በተቅማጥ ተያዙ። የታመሙትን የመረመረው ሐኪም የበሉትን አንድ በአንድ ጠየቀ። ወጡ በሚገባ በስሏል፤ የመጠጡ ውሃ ተፈልቷል፤ እሳት ያልነካው ምግብ ኪያሩና ቲማቲሙ ብቻ ነበር። ሕመምተኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳኑ። የልጆቹ አያት ግን «ከዛሬ ጀምሮ ኪያር የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳይገባ» ብለው ፈረዱ።

እኛም በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ለማለት ይህን ጽሑፍ አሰናዳን። እኒያ እናት ለልጅ ልጆቻቸው በመሥጋታቸው የሚነቀፉ አይደሉም። ነገር ግን ጥፋተኛው ኪያሩ ሳይሆን የተከተፈበት መክተፊያና ቢላዋ፣ የተጠረገበትም ጨርቅ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጥሬ አትክልትን ፈርቶ መተው ከአንድ በሽታ ያድን ይሆናል፤ ነገር ግን ገበታችንን ያራቁታል። አያያዙን ዐውቆ መብላት ግን ከሁለቱም ጉዳት ያድናል።

በስሕተት ስለ ተከሰሰው ኪያር

ኪያር ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር በጀርመን አገር ደም የሚያስቀምጥና ኩላሊትን የሚጎዳ ብርቱ የተቅማጥ በሽታ ተነሣ። ምክንያቱ ኤሽሪኪያ ኮላይ ከሚባሉት ተሐዋስያን ወገን የሆነ አደገኛ ዓይነት ነበር። የሃምቡርግ ከተማ ባለ ሥልጣኖች በመጀመሪያ ከስፔን የመጣውን ኪያር ተጠያቂ አደረጉ። ወዲያውም ሰዎች ኪያር መግዛት አቆሙ፤ ገበሬዎችም ምርታቸውን እየደፉ አለቀሱ። ምርመራው እየጠለቀ በሄደ ጊዜ ግን በኪያሩ ላይ የተገኘው ተሐዋስ በሽታውን ያመጣው እንዳልሆነ ታወቀ፤ በሰኔ ወርም የበሽታው መንገድ ጥሬውን የሚበላ የበቀለ አብሽ መሆኑ ተገለጠ። በዚያ ወረርሽኝ ከ3,800 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ50 በላይም ሞቱ። የአውሮፓ ኅብረት ለተጎዱት አትክልት አምራቾች ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ካሣ ለመክፈል ተገደደ።

ይህ ማለት ግን ኪያር ከቶ በሽታ አያጓጕዝም ማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. (በዚያው አቈጣጠር) በአሜሪካ ከሜክሲኮ የገባ ኪያር ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሐዋስ ይዞ ከ900 በላይ ሰዎችን አሳምሟል። ከእነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አትክልት በራሱ ንጹሕ ፍጥረት ሲሆን በሽታን የሚቀበለው ከሚያገኘው ውሃ፣ ከሚነካው እጅና ከሚያርፍበት ዕቃ መሆኑ ነው።

ኪያር ምንድን ነው?

ኪያር ከዱባ፣ ከቅልና ከሐብሐብ ጋር የአንድ ቤተሰብ ሐረግ ነው። የመጀመሪያ አገሩ ህንድ እንደ ሆነ የዕፅዋት ሊቃውንት ይስማማሉ፤ በሂማልያ ተራሮች ግርጌ ዛሬም መራራ የሆነ የዱር ዘመዱ ይበቅላል። ስሙ በፋርስ፣ በዐረብና በቱርክ ቋንቋዎች በተቀራራቢ ድምፅ ይጠራል፤ በእኛም ቋንቋ «ኪያር» መባሉ በየትኛው የንግድ መንገድ እንደ ደረሰን ያመለክታል። በዛሬው ጊዜ ከሁሉ አብልጣ የምታመርተው ቻይና ናት፤ የዓለምን ምርት ከሦስት አራተኛ የሚበልጠውን እጅ ይዛለች።

ከኪያር ክብደት ከ100 እጅ 95 ያህሉ ውሃ ነው። 100 ግራም ኪያር 15 ካሎሪ ብቻ ስለሚሰጥ ሰውነትን በስብ አያከብድም፤ ለስኳር ሕመምተኛም የሚመች ነው። በልጣጩ ውስጥ ለሆድ የሚጠቅም አሠርና ደም እንዲረጋ የሚረዳው ቪታሚን ኬ ይገኛል። ይሁን እንጂ ኪያር መድኃኒት አይደለም፤ ኩላሊት ያጥባል፣ ደም ያጠራል እያሉ ከሐኪም ትእዛዝ የሚያስቀድሙት ሰዎች ይሳሳታሉ። ለሚያድግ ልጅም ብቻውን ምግብ ሊሆን አይችልም። ክብሩ ከባቄላ፣ ከምስር፣ ከጎመን፣ ከካሮትና ከእንቍላል ጋር በአንድ ገበታ ላይ ሲቀርብ ነው።

ሲገዙና ሲያስቀምጡ

ጥሩ ኪያር ጠንካራና አረንጓዴ ነው፤ ሲጫኑት አይሰረጕድም። ቢጫ የሆነው ጊዜው አልፏል፤ ፍሬው ጠንክሯል። ጫፉ የተጨማደደው ደግሞ ውሃውን ጨርሷል። በገበያ ላይ አንዳንድ ቸርቻሪዎች አትክልቱ ትኵስ እንዲመስል ምንጩ ያልታወቀ ውሃ ይረጩበታል፤ ስለዚህ የኪያሩ ማብረቅረቅ የንጽሕናው ምስክር ነው ብሎ መታለል አይገባም። የተሰነጠቀውንና የተቈረጠውንም አለመግዛት ይሻላል።

ኪያር ብርቱ ቅዝቃዜ አይስማማውም። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ብዙ ቀን ከቈየ ይለሰልሳል፤ ውሃም ይቋጥራል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ከበሩ አጠገብ፣ የሌለውም በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ቢያኖረው ለጥቂት ቀናት ይቈይለታል። ከበሰለ ሙዝና ከቲማቲም ጋር በአንድ ቅርጫት ባይቀመጥ መልካም ነው፤ እነርሱ የሚያወጡት አየር ኪያሩን ቶሎ ያቢጨዋል።

የሚመር ኪያር ቢያጋጥም ከሐረጉ በኩል ያለውን ጫፍ ቈርጦ መቅመስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምሬቱ የሚከማቸው በዚያ ነው። ሐረጉ በውሃ ጥማትና በሙቀት ሲጨነቅ የሚያወጣው ኩኩርቢታሲን የሚባል ነገር ነው። ሁለንተናው እጅግ የመረረ ከሆነ ግን መጣል ይገባል፤ ሆድን ያውካል፤ በእሳትም አይጠፋም።

ስለ አስተጣጠቡ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደርሰናል። በአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዞች ከመኖሪያ ቤቶችና ከፋብሪካዎች የሚወጣውን ፍሳሽ እየተቀበሉ፣ በዳርቻቸው ለብዙ ዓመታት በዚያው ውሃ አትክልት ሲለማ መኖሩ የታወቀ ነው። በሌሎችም ከተሞች ተመሳሳይ ነገር ይታያል። እንዲህ ያለ ውሃ የአንጀት ተስቦን፣ አሜባን፣ ጃርዲያንና የወስፋትን ዕንቍላል ወደ አትክልቱ ያደርሳል። በተለይ የወስፋት ዕንቍላል በዐይን የማይታይ፣ በአፈር ውስጥም ለዓመታት ሳይሞት የሚቈይ ጠንካራ ነገር ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሥርዐት እንመክራለን።

በመጀመሪያ የሚያዘጋጀው ሰው እጁን በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ቀጥሎ ኪያሩን ሳይልጥ፣ ከቧንቧ ወይም ከጆግ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ሥር እያገላበጠ በእጁ ወይም ለዚሁ ብቻ በተለየ ብሩሽ አጥብቆ ይሸው። በሳፋ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ያንዱን እድፍ ለሌላው ያካፍላልና። ሳሙና ግን ለእጅ እንጂ ለአትክልት አይደለም። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ።

ለውሃ ማከሚያ የተሠራ ክሎሪን ያለው ሰው በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቅሞ ከታጠበ በኋላ ቢዘፈዝፈው ብዙ ተሐዋስያንን ይገድላል። ሽታ ወይም ሳሙና የተጨመረበት በረኪና ግን ለምግብ አይሆንም። የወስፋት ዕንቍላል ለክሎሪንም ሆነ ለኮምጣጤ እምብዛም እንደማይበገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ እርሱን የሚያስወግደው መፈተግና ከዚያ በኋላ መላጥ ነው። እንግዲህ ምንጩ ያልታወቀ ኪያር ታጥቦ ይላጥ፤ በጓሮአችን በንጹሕ ውሃ ያበቀልነው ግን ከነልጣጩ ሊበላ ይችላል።

«የሚላጥ ከሆነ ማጠቡ ለምን?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰናል። መልሱ በቢላዋው ላይ ነው፤ ቢላዋ ያልታጠበውን ልጣጭ ሰንጥቆ ሲገባ እድፉን ይዞ ወደ ነጩ ሥጋ ይዘልቃልና።

በመጨረሻም ለጥሬ ሥጋ አንድ መክተፊያ፣ ለአትክልት ሌላ መክተፊያ ይኑር። ሁለት ለመግዛት ያልቻለ ቤት አትክልቱን አስቀድሞ ይክተፍ፤ ሥጋውን ከኋላ። መክተፊያውና ቢላዋውም በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው በፀሐይ ይድረቁ። የተከተፈ ኪያር ሳይሸፈንና ሳይቀዘቅዝ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቈይ።

ስለ ልዩ ልዩ አዘገጃጀቱ

ንጽሕናው ከተጠበቀ ዘንድ ስለ ጣዕሙ በደስታ እንነጋገር።

አንደኛ፤ በጨውና በሎሚ። ኪያሩ በስሱ ተቈርጦ ጥቂት ጨው ይነሰነስበታል፤ 15 ደቂቃ ከቈየ በኋላ ያንጠፈጠፈው ውሃ ተደፍቶ ሎሚ ይጨመቅበታል። ጨው ውሃውን ስቦ ስለሚያወጣ ኪያሩ ከጥርስ ሥር ይንኰሻኰሻል፤ ጣዕሙም ይጠነክራል። ይህ ከሁሉ የቀለለና ለቀትር ሙቀት የተመረጠ ነው።

ሁለተኛ፤ ከቲማቲም ጋር። ከሊባኖስ እስከ ኢየሩሳሌም ያሉ ሕዝቦች ኪያርንና ቲማቲምን እንደ ባቄላ ፍሬ አድቅቀው ከትፈው፣ በዘይትና በሎሚ ለውሰው በቁርስ ጊዜ ሳይቀር ይበሉታል። በእኛ ቤት ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ተጨምሮበት ከእንጀራ ጋር ሲቀርብ የጾም ገበታን ያደምቃል። ምስጢሩ ሊበላ ሲል መለወሱ ነው፤ አስቀድሞ ጨው የነካው ሰላጣ ውሃ ሆኖ ይቀርባል።

ሦስተኛ፤ በእርጎ። ግሪኮች ጻጺኪ፣ ቱርኮች ጃጂክ፣ ህንዶች ራይታ የሚሉት ምግብ ሁሉ የአንድ አሳብ ልጅ ነው፤ ይኸውም የተፋቀ ኪያር በእርጎ መለወስ ነው። ግሪኩ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት፣ ቱርኩ ናና፣ ህንዱ የታመሰ ከሙን ይጨምርበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ኪያር ተፍቆ በጨው ከታሸ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተጨምቆ ውሃው ይወጣል፤ ከሁለት ብርጭቆ ወፍራም እርጎና ከአንድ ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጋር ይደባለቃል። በሚያቃጥል ወጥ አጠገብ ሲቀመጥ አፍን ያበርዳል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ የከብት ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስ የሚባለውን የሚመላለስ ትኩሳት ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ወተቱ ይፍላ፤ ለብ ሲል ከንጹሕ እርጎ ሁለት ማንኪያ እንደ እርሾ ተጨምሮበት፣ ተከድኖና በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደር። ጠዋት የረጋ፣ ጣዕሙም ያማረ እርጎ ይገኛል። በጾም ቀን ግን በእርጎው ፈንታ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦና ተጠልሎ የወጣውን የሱፍ ውሃ እንድትሞክሩ እንጋብዛለን፤ እኛ ሞክረነው ወደነዋል።

አራተኛ፤ በሰሊጥ። ቻይናውያን ኪያሩን በሰፊ ቢላዋ ጀርባ መትተው ይሰነጣጥቁታል፤ ከዚያም በነጭ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤና በሰሊጥ ዘይት ይለውሱታል። በቢላዋ ከተቈረጠው ይልቅ የተሰነጠቀው ቅመሙን አብልጦ ይጠጣል። በሑመራ ሰሊጥ ለምትታወቅ አገር ይህን አዘገጃጀት መልመድ አስቸጋሪ አይሆንም፤ የሰሊጥ ዘይት ቢጠፋ ታምሶ የተወቀጠ ሰሊጥ ይበቃል።

አምስተኛ፤ በጨው ውሃ ማብላላት። ይህ የሩስያና የፖላንድ ሕዝቦች ለብርዱ ወራት የሚያስቀምጡት ነው። ጥቃቅንና ጠንካራ ኪያሮች በሚገባ ይታጠባሉ፤ ከአበባው በኩል ካለው ጫፍ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይቈረጣል፤ በዚያ ያለው ንጥረ ነገር ኪያሩን ያለሰልሳልና። አፉ ሰፊ በሆነ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከእንስላል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሰናፍጭ ፍሬ ጋር ይደረደራሉ። በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ 50 ግራም ጨው፣ ማለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ተበጥብጦ ይሞላባቸዋል። ኪያሮቹ ከውሃው በላይ እንዳይወጡ ንጹሕ ክብደት ይጫንባቸዋል፤ ክዳኑም አየር እንዲወጣ በጣም አይጠበቅም። የመዳብና የብረት ዕቃ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሃው ይደፈርሳል፤ አረፋም ያወጣል። ይህ ሊያስደነግጥ አይገባም። የቡኮን ሊጥ የሚያኰመጥጡት፣ ቆጮንም በጕድጓድ ውስጥ የሚያበስሉት የተሐዋስያን ወገኖች በዚህም ሥራ ላይ ናቸው፤ የሚያመነጩት ላክቲክ አሲድ ጎጂዎቹን ያባርራል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ኪያሩ ወደ ውስጥ ድረስ ይኰመጥጣል። የሻገተ፣ የተዝለገለገ ወይም የከረፋ ሲሆን ግን ሳይቀምሱ መድፋት ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ውሃውን ሊያጠቍረው ይችላል፤ ነገር ግን አይጎዳም፤ እንቅርትን ስለሚከላከልም ለመልክ ሲባል ከቤት እንዳይወጣ እናሳስባለን። የደም ብዛት ያለበት ሰው ከዚህ ምግብ ይቈጠብ፤ ጨው ይበዛዋልና።

ስድስተኛ፤ በኮምጣጤ። መጠበቅ የማይወድ ሰው፣ በተለምዶ አቼቶ የሚባለውን ኮምጣጤ ከእኩል ውሃ፣ ከአንድ ማንኪያ ጨውና ከአንድ ማንኪያ ስኳር ጋር አፍልቶ በተቈረጠው ኪያር ላይ ቢያፈስበት በማግስቱ ሊበላው ይችላል። ይህ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ እንጂ ለወራት የሚከማች አይደለም።

ሰባተኛ፤ በእሳት። ኪያር ይበስላል ሲባል የሚስቁ አሉ፤ ነገር ግን በቻይና ማእድ ቤት የተለመደ ነው። ትልቅ የሆነውን ኪያር ልጦ፣ ፍሬውን በማንኪያ ጠርጎ፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በእርድ እንደ ዱባ አልጫ ቢሠሩት ገር የሆነ ወጥ ይወጣዋል። ንጹሕ ውሃ በጠፋበት ቦታ ወይም የተቅማጥ በሽታ በገባበት ጊዜ ከሁሉ የሚታመነው አዘገጃጀት ይህ ነው፤ ሙቀት ተሐዋስያንን ይገድላልና። ውሃው የብረታ ብረት መርዝ ካለበት ግን ማጠብም ማብሰልም አያድንም፤ ስለዚህ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ የገዢው መብትም ግዴታም ነው።

ለመምህራን አንድ ትምህርት

ከንባብ ይልቅ ዐይን እንደሚያስተምር መምህራን ያውቃሉ። ስለዚህ ወጪ የሌለው አንድ ፈተና እናቀርባለን። አንድ ኪያር በደቀቀ ከሰል ይታሽ፤ ከሰሉም ተሐዋስ እንደ ሆነ ለተማሪዎቹ ይነገራቸው። መምህሩ ሳያጥበው በቢላዋ ለሁለት ይክፈለው፤ በነጩ ሥጋ ላይ ጥቍር መስመር ይታያል። ሌላው እንዲሁ በከሰል የታሸ ኪያር በሚወርድ ውሃ ሥር ተፈትጎ ይቈረጥ፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛው በሳፋ ውሃ ብቻ ነከር ተደርጎ ይውጣ፤ ውሃው እንዴት እንደሚጠቍርና የጠቈረው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ። ይህን ያየ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ሳይነግር አያድርም።

በሽታው ከደረሰ ደግሞ ትልቁ አደጋ የሰውነት ውሃ ማለቅ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ደጋግሞ ማጠጣት፣ የሚጠባ ከሆነም ጡቱን አለማቋረጥ ይገባል። ደም ከታየበት፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ ዐይኑ ከጐደጐደ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ወደ ጀመርንበት ቤት እንመለስና እንጨርስ። ባልደረባችን ሁለተኛ መክተፊያ ገዛ፤ እንዳይሳሳቱበትም በእጀታው ላይ አረንጓዴ ክር አሰረበት። እኒያ እናት ለብዙ ሳምንታት ፍርዳቸውን አላነሡም ነበር። አንድ ቀን ግን የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ተመልሳ የከሰሉን ፈተና በፊታቸው ሠርታ አሳየቻቸው። በጥቍሩ መስመር ላይ ጥቂት ካተኰሩ በኋላ «እንግዲያስ ጥፋቱ የእኛ ነበራ!» አሉ፤ ኪያሩንም ራሳቸው ተነሥተው ያጥቡት ጀመር። ይግባኛችንም በዚህ ተፈጸመ። በየቤታችሁ ተመሳሳይ ፍርድ የተሰጠበት አትክልት ካለ መክተፊያችሁን፣ ቢላዋችሁንና የምታጥቡበትን ውሃ ጭምር መርምራችሁ ጉዳዩን እንደገና እንድታዩለት በትሕትና እናሳስባለን።